የቀሚሱ ልክና የላቲኑ ልክ

ሰባተኛ ክፍል የገባች አዲስ ተማሪ ነበረች። ጠዋት በር ላይ ተረኛዋ እኔ ነኝ። እጄ ላይ ማስመሪያ ይዣለሁ።

የማስተምርበት ክላሲካል የካቶሊክ ትምህርት ቤት ደንብ የሴቶች ጉርድ ቀሚስ ጉልበት መሸፈን አለበት ይላል፣ ሲቆሙም ሲቀመጡም። የእሷ ሁለት ጣት ያህል ያጥራል። ሌላው ሁሉ ልክ ነው። ሸሚዟ ተተኩሷል፣ የላይኛው ቁልፍ ተቆልፏል፣ ክራባቷ መሃል ላይ ነው፣ ጥቁር ጫማዋ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። "ይሄ ምንድነው?" አልኳት ጉልበቷን እያየሁ። "በእረፍቱ አደግኩ ቲቸር" አለችኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ የሚለኝ መልስ ነው። ያን ቀን ግን ከኋላዋ ሰልፉ ረዝሟል፣ ደወሉ ሊደወል ሦስት ደቂቃ ነው የቀረው፣ ደግሞ እሷን ካሳለፍኩ ቀጣይዋን በምን አፌ እመልሳለሁ ብዬ አሰብኩና ወደ ቢሮ ላክኋት። ቢሮ መላክ ማለት ወረቀት መፈረም፣ ቤት መደወል፣ ሌላ ቀሚስ እስኪመጣ አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጥ ማለት ነው። ተቀመጠች። አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ።

የዚያ ቀን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነበር። ላቲን።

ያን ጠዋት ያስተማርኩት ስለ አንዲት ፊደል ነው። "ካኒስ ሆሚነም ሞርደት" ማለት ውሻ ሰውን ይነክሳል ማለት ነው። ቃላቱን አገላብጣችሁ "ሆሚነም ካኒስ ሞርደት" ብትሉም ያው ነው፣ የተነከሰው ሰውዬው ነው። ላቲን ውስጥ ማን ነካሽ ማን ተነካሽ እንደሆነ የሚነግራችሁ የቃሉ ቦታ ሳይሆን የቃሉ መጨረሻ ነው። "ሆሞ ካነም ሞርደት" ካላችሁ ግን ነገሩ ተገለበጠ፣ ሰውዬው ውሻውን ነከሰው። አማርኛ ለምንናገር ሰዎች ይሄ እንግዳ አይደለም፤ የእኛ "ን" የምትሠራውን ሥራ ነው ያቺ "ም" የምትሠራው። "ሰውን ውሻ ነከሰ" ብላችሁ ማንም አይሳሳትም። ለልጅ ይህችን ፊደል አንዴ በጣት እየጠቆሙ ካሳዩት አይረሳትም። ካላሳዩት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በግምት ይሄዳል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፈተና ሰጠሁ። አሥር ዓረፍተ ነገር ወደ ራሳቸው ቋንቋ እንዲመልሱ። የእሷን ወረቀት ሳርም ስድስቱ ተገልብጠዋል። መጀመሪያ ዝም ብዬ በቀይ አስተካከልኩ። አራተኛው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ስህተቷ ወጥ ነበር። በዘፈቀደ የተሳሳተች ልጅ አይደለችም፤ በሁሉም ላይ መጀመሪያ ያገኘችውን ቃል አድራጊ አድርጋዋለች። የቃላቱን ትርጉም ሁሉ ታውቃለች። ጽሕፈቷ ንጹሕ ነው። ያቺን አንዲት ትምህርት ብቻ ነው ያጣችው።

የስም መጥሪያውን ከፈትኩ። በዚያ ቀን ስሟ ፊት "ቀሪ" ተብሎ ተጽፏል። በእኔው እጅ። ቢሮ የላክኋት ወረቀት ላይ ያለውም ፊርማ የእኔው ነው።

በማግሥቱ ጠራኋትና ወረቀቱን አሳየኋት። "ያን ቀን ቢሮ ነበርኩ" አለች፣ ያለ ቅሬታ፣ ልክ ዝናብ ነበር እንደሚባለው። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኳት። ከዚያ ውሻውንና ሰውዬውን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላትና ጀመርን። ሰዓቴን አይቼው ነበር፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው የፈጀው። ፈተናውን እንደገና ሰጠኋት፣ አሥሩንም ሠራች።

ከዚያ ወዲህ የልብሱን ደንብና የትምህርቱን ዝግጅት ለያይቼ ማየት አልቻልኩም። ልጃቸውን እንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤት ሊያስገቡ የሚያስቡ ወላጆች ሁሌም ሁለት ነገር ይጠይቁኛል። "ልብስ ላይ በጣም ጥብቅ ናችሁ ይባላል፣ እውነት ነው?" ይላሉ። ቀጥለው ደግሞ "ልጄ ላቲን የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም፣ ይችለዋል?" ይላሉ። ለእኔ ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው። በቋንቋችንም እኮ አንድ ቃል ነው ያለን። ልብስ በልክ ይሰፋል፣ መልስም ልክ ነው ወይም አይደለም። እና እኔ የምለው ይሄን ነው፦ ልክ ያወጣ ሰው ልጁን እዚያ ልክ ላይ የማድረስ ዕዳም አብሮ ተቀብሏል። ማስመሪያ ይዞ በር ላይ መቆም ብቻውን ሥራ አይደለም።

ነገሩን ለማያውቁት ትንሽ ላብራራ። ክላሲካል የሚባሉት የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ትምህርታቸውን የሚያዋቅሩት በጥንቶቹ ሰባት ጥበቦች ነው። ሦስቱ የቃል ናቸው፦ ሰዋስው፣ ሎጂክና የንግግር ጥበብ። አራቱ የቁጥር ናቸው፦ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃና ሥነ ፈለክ። መነኮሳት በየገዳማቸው ይዘውት ቆዩ፣ ኋላ ኢየሱሳውያን (ጀስዊት የሚባሉት የካቶሊክ ማኅበር አባላት) በትምህርት ቤት መልክ በየአገሩ አሰራጩት። የመጀመሪያውን ለምእመናን ልጆች የሚሆን ኮሌጃቸውን ሲሲሊ ውስጥ መሲና ላይ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1548 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ1599 ደግሞ ራሲዮ ስቱዲዮሩም የተባለውን የትምህርት ሥርዓታቸውን አወጡ። ዛሬ ከዚያ ያልተለወጠ ነገር ጥቂት ነው። የዘመኑ ክላሲካል ትምህርት ቤት ፊዚክስም ኬሚስትሪም ያስተምራል። ሐሳቡ ግን አለ፦ ልጅ መጀመሪያ ቋንቋን ይያዝ፣ ከዚያ ማሰብን፣ ከዚያ ያሰበውን በወግ መናገርን።

አሁን ስለ ልብሱ።

ዩኒፎርም እወዳለሁ። ስለዚህ የማልወደውን እውነት አስቀድሜ ልናገር፦ ዩኒፎርም የተማሪን ውጤት ከፍ ያደርጋል የሚለው ነገር ጠንካራ ማስረጃ የለውም። አሜሪካ ውስጥ የካሊፎርኒያዋ ሎንግ ቢች በ1994 የመንግሥት አንደኛና መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ ላይ ዩኒፎርም ግዴታ አደረገች፣ በ1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ለምክር ቤቱ ባደረጉት ዓመታዊ ንግግር ጉዳዩን አነሱት፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ዩኒፎርምን እንደ መድኃኒት ያየው ጀመር። በ1998 ግን ብረንስማና ሮክሞር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በሺዎች የሚቆጠሩ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎችን መረጃ ይዘው አዩት። ክፍል በመገኘት ላይ፣ በጠባይ ላይ፣ በዕፅ መጠቀም ላይ ቀጥተኛ ለውጥ አላገኙም። በውጤት ላይ ያገኙት ደግሞ ትንሽ ወደ ታች የወረደ ነገር ነው። ይሄን ሳነብ አልተከፋሁም። ጉርድ ቀሚስ ላቲን አያስተምርም። የሚያስተምረው አስተማሪ ነው፣ ያውም ልጅቷ ክፍል ውስጥ ካለች።

ታዲያ ለምን እወደዋለሁ? የነፃ ልብስ ቀንን አይታችሁ ከሆነ መልሱን ታውቁታላችሁ።

በዓመት ጥቂት ቀን ልጆቹ የፈለጉትን እንዲለብሱ ይፈቀዳል። አንድ ሳምንት ሲቀረው ወሬው እሱ ብቻ ይሆናል። ቀኑ ሲደርስ በር ላይ ቆሜ ሳይ የማየው ደስታ ብቻ አይደለም። ዓይኖች ሁሉ ወደ ታች ናቸው፣ ወደ ጫማ። ማን ምን አደረገ፣ ኦሪጅናል ነው አይደለም፣ ያ ባለፈውም የለበሰው አይደል። አንድ ልጅ ነበረ፣ የነፃ ልብስ ቀን በደረሰ ቁጥር ዩኒፎርሙን ለብሶ ይመጣል። "ረስቼው ነው" ይላል። ሦስት ጊዜ ረሳው። ሦስተኛው ላይ እንዳልረሳው ገባኝ። በሌሎቹ ቀናት እኮ ይሄ ልጅ ከማንም እኩል ነው፣ እንዲያውም ጂኦሜትሪ ላይ የሚቀድመው የለም። ያን ቀን ብቻ ነው የቤቱ ኑሮ በር ላይ አብሮት የሚቆመው። ዩኒፎርም ለእሱ መጋረጃ ነው። ይሄ በየትኛውም ጥናት ባይመዘገብም እኔ አይቼዋለሁ።

ታሪኩም ወደዚህ ነው የሚያደላው። ዩኒፎርም ሲባል የሀብታም ትምህርት ቤት ይመስለናል። ነገር ግን እስከ ዛሬ ከሚለበሱት እጅግ የቆዩት አንዱ የመጣው ከድሃ ልጆች ነው። ለንደን ውስጥ በ1552 ክራይስትስ ሆስፒታል የተባለ ትምህርት ቤት ሲቋቋም ዓላማው ድሆችንና ወላጅ አልባ ልጆችን ማንሳት ነበር። ቦታው ቀደም ሲል ፍራንቸስካውያን መነኮሳት የተባረሩበት ገዳም ነው። ለልጆቹ ረጅም ሰማያዊ ካፖርት ሰጧቸው። ሰጧቸው ነው የምለው፣ ግዙ አላሏቸውም።

ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ ቅዱስ ቤነዲክቶስን እናገኛለን። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ለመነኮሳቱ በጻፈው ሥርዓት ምዕራፍ 55 ስለ ልብስና ጫማ ነው። ላቲን ስለማስተምር ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ከልጅቷ ነገር በኋላ ሳነበው ግን እንደ አዲስ ነው የሆነብኝ። ልብሱ እንደ አገሩ አየር ይሁን ይላል፣ ለብርድ አገር ብዙ፣ ለሙቅ አገር ጥቂት። ስለ ቀለሙና ስለ ሻካራነቱ አትጨነቁ፣ በአካባቢው የተገኘውን፣ በርካሽ የሚገዛውን ልበሱ። ከዚያ ወደ ልክ ይመጣል። ልብሱ ለለባሹ እንዳያጥር፣ በልኩ እንዲሆን የሚያየው አበምኔቱ ነው ይላል።

አበምኔቱ። መነኩሴው አይደለም።

ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ይህችን መስመር ሳነብ ያቺ ልጅ አግዳሚው ላይ እግሯን አጣምራ ስትጠብቅ ታየችኝ። አሥራ አምስት መቶ ዓመት ያህል የቆየው ሕግ ልብስ ቢያጥር ተጠያቂው ኃላፊው ነው ይላል፤ እኛ ደግሞ ልጅቷን ተጠያቂ አድርገን ከትምህርት አስቀረናት።

የ13ኛው ክፍለ ዘመኑ የካቶሊክ ሊቅ ቶማስ አኲናስም አለ። ሱማ በተባለው ትልቅ የነገረ መለኮት መጽሐፉ ስለ አለባበስ ልከኝነት ራሱን የቻለ ጥያቄ አስቀምጧል፣ በሁለተኛው ክፍል ሁለተኛ ንዑስ ክፍል 169ኛው። ብዙ ሰው እዚያ የሚጠብቀው ስለ ማጌጥ የተሰነዘረ ቁጣ ነው። አለ፣ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ከልክ ማለፍ አንድም አብሮ ከሚኖረው ሰው ልማድ መውጣት ነው ይላል። ቸልተኝነትም ጥፋት ነው፣ ለልብሱ የሚገባውን ያህል የማይጨነቅ ሰውም ተሳስቷል። ቀጥሎ ያለው ነው የሚደንቀኝ፦ በተጎሳቆለ ልብስም ክብር የሚፈልግ አለ ይላል። ስለዚህ ነገሩ የጨርቁ ርዝመት ብቻ አይደለም። ለምን ለበስከው፣ ከማን ጋር ሆነህ፣ ምን ያህል አስበህበት ነው። ይሄን በማስመሪያ መለካት አይቻልም።

ከትምህርት ቤታችን የእህቶች ማኅበር አንዲት በዕድሜ የገፉ ሲስተር ነበሩ። ያን ሰሞን የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና "ነይ" አሉኝ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ወዳለች ጠባብ ክፍል ወሰዱኝ። አንድ ቁም ሳጥን ከፈቱ። ውስጡ የታጠፉ ጉርዶች፣ ሹራቦች፣ ኮቶች፣ በክራባት የተሞላ የጫማ ካርቶን። የተመረቁ ልጆች ትተውት የሄዱት ነው። "ይሄ ሁሉ እያለ ለምን ቢሮ ትልኪያታለሽ?" አሉኝ። እኔ ቁም ሳጥኑ መኖሩንም አላውቅም ነበር። ደንቡ ሃያ ጊዜ ተነቦልኛል፣ ቁም ሳጥኑን ግን ማንም አላሳየኝም።

ልጅቷን አስጠሯት። የሚሆናት ጉርድ አልተገኘም፣ ወገቧ ቀጭን ነው። ሲስተር የራሷን ቀሚስ ገልብጠው ታች የታጠፈውን አዩት። ጥሩ ልብስ ሰፊ ለልጅ ሲሰፋ ታች ላይ ትርፍ ጨርቅ አጥፎ ይተዋል፣ ልጅ ያድጋላ። አራት ጣት ያህል ነበር። ልጅቷ የስፖርት ልብሷን ቀየረችና ቀሚሱን ሰጠቻቸው። ስፌቱን በምላጭ ጫፍ ቀስ እያሉ ተረተሩት፣ ጨርቁን ዘረጉት። የድሮው እጥፋት መስመር ግን ቀረ። እጥፉ የነበረበት ቦታ ላይ አንድ የነጣ ቀጭን መስመር፣ ከሱ በታች ፀሐይ ያልነካው ጠቆር ያለ ጨርቅ። ልጅቷ ፊቷ ተለወጠ። "ይታያል" አለች፣ በጣም ቀስ ብላ።

ይታያል ማለት ምን እንደሆነ ሲስተር አልጠየቋትም። ከመደርደሪያ ላይ አቼቶ አወረዱ፣ ውኃ ጨመሩበት፣ ንጹሕ ጨርቅ ነከሩና መስመሩ ላይ አድርገው በላዩ ተኮሱት። እንፋሎቱ ሸተተን። ደጋገሙት። ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ግን ካልቀረቡ አይታይም። ከዚያ አዲሱን እጥፋት በእጃቸው ሰፉት፣ ስፌቱ ከፊት በኩል እንዳይታይ አንድ አንድ ክር ብቻ እያነሱ። ሃያ አምስት ደቂቃ አካባቢ። ልጅቷ ከአጠገባቸው ሆና መርፌው ሲገባና ሲወጣ ታያለች። ቀሚሱን ስትለብሰው ጉልበቷን ሸፍኗል።

ይሄ ሁሉ ሲሆን እኔ ስለ ልብስ እያሰብኩ አልነበረም። ስለ ላቲን ነበር የማስበው። ምክንያቱም አዲስ ተማሪ ላይ የማየው ነገር ከዚህ ጋር አንድ ነው።

አዲስ የሚገቡ ልጆች የሚቸገሩት ላቲን ባለማወቃቸው ይመስለን ነበር። አይደለም። ላቲን ማንም ልጅ ከዜሮ ይጀምራል፣ በአንድ ዓመት ይደርሳል። የሚጎድላቸው ከዚያ በፊት ያለው ነው። የራሳቸውን ቋንቋ አቀላጥፈው ይናገራሉ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጥታችሁ ግሱ የቱ ነው ብትሏቸው ግን ይዋልላሉ። ድምፅ አውጥተው ሲያነቡ ነጥብ ላይ አይቆሙም። አንድ ገጽ በእጃቸው ገልብጠው ሲጽፉ ሦስት ቃል ይዘላሉ፣ መዝለላቸውንም አያዩም። ይሄ የጭንቅላት ጉዳይ አይደለም። ማንም ቆም ብለህ እያት ብሎ ስላላሳያቸው ነው።

ስለዚህ አሁን ወላጅ ሲጠይቀኝ የላቲን መጽሐፍ አትግዙ እላለሁ። ሁለት ወር ካላችሁ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ድምፁን አውጥቶ ያንብብላችሁ፣ እናንተም ስልካችሁን አስቀምጡና ስሙት። በሳምንት አንድ አጭር ግጥም ወይም መዝሙረ ዳዊት በቃሉ ይያዝ። ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፣ እውነት ነው፤ በዚህ ዕድሜ የያዙት ሽማግሌ እስኪሆኑ አብሯቸው ይኖራል። አንድ አንቀጽ በእጁ ይገልብጥ፣ ከዚያ ራሱ ከዋናው ጋር ያመሳክር። የራሱን ቋንቋ ሰዋስው ደግሞ ከልቡ ይማር፣ ባለቤቱን፣ ግሱን፣ ተሳቢውን። የማባዛት ሠንጠረዡን ሳያስብ ይበል። ይህን ይዞ የመጣ ልጅ ላቲን አይከብደውም። ይህን ሳይዝ የመጣም ቢሆን በሩ አይዘጋበት፣ ግን እኛ ልንሞላለት ይገባል።

በቃል መያዝ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ክላሲካል ትምህርት ቤቶች እዚህ ላይ ራሳቸውን የሚያታልሉበት ጊዜ አለ። ያቺ ልጅ "ሮዛ፣ ሮዜ፣ ሮዜ፣ ሮዛም፣ ሮዛ" የሚለውን፣ ጽጌረዳ የሚለው የላቲን ቃል መጨረሻው የሚለዋወጥበትን ሠንጠረዥ፣ በጭብጨባ ከሁሉም ልጆች ጋር ትለው ነበር። አንድም ቀን አልሳተችም። በር ላይ የቆመ ሰው ቢሰማት ተዘጋጅታለች ይላል። "ሮዛም" ላይ ያለችው "ም" ምን እንደምትሠራ ግን አታውቅም። የተወለወለ ጫማ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ በቃል የሚወርድ ሠንጠረዥ፣ ሁሉም ደስ ይላል፣ ሁሉም ያስፈልጋል፣ ግን ልጁ ከውስጥ የት እንዳለ አይነግራችሁም። ለዚያ ተቀምጦ ወረቀቱን ማየት ነው።

ኢየሱሳውያን ይሄን ቀድመው ያወቁት ይመስለኛል። በ1599ኙ ሥርዓታቸው የታችኛው ትምህርት አምስት ክፍል ነበረው፣ ሦስት የሰዋስው፣ አንድ የሥነ ጽሑፍ፣ አንድ የንግግር ጥበብ። አዲስ የመጣ ልጅ መጀመሪያ ይፈተናል፣ የተማረውን ይጠየቃል፣ ያጽፉታል፣ ከዚያ እንደ ዕድሜው ሳይሆን እንደ ደረሰበት ይመደባል። እዚያው ሥርዓት ውስጥ ማንም ድሃ ወይም ከዝቅተኛ ቤተሰብ በመሆኑ አይመለስ የሚል መመሪያ አለ። ፈተናው የማስወጫ በር አልነበረም። ልጁን የሚሆነውን ወንበር መፈለጊያ ነበር። እኛም አሁን እንዲህ ለማድረግ እንሞክራለን፤ አዲስ ልጅ ሲገባ የመጀመሪያውን ሳምንት እያንዳንዱን ለብቻ አስነብባለሁ፣ የጎደለውን እጽፋለሁ፣ ከደወል በፊት ሃያ ደቂቃ እየመጡ ይሞላሉ።

የቤተ ክርስቲያኗ የ1983ቱ የቀኖና ሕግ ስለዚህ ምን እንደሚል ሳይ ደግሞ ልቤ ረካ። ቀኖና 806 የካቶሊክ ትምህርት ቤት ኃላፊዎች የሚሰጡት ትምህርት በአካባቢው ካሉት ሌሎች ትምህርት ቤቶች ቢያንስ እኩል ጥራት ያለው እንዲሆን መትጋት አለባቸው ይላል። ኃላፊዎቹ ናቸው ግዴታ የተጣለባቸው። ስለ ጉርድ ርዝመት አንዲት ቃል የለም። ይሄን የምለው የልብስ ደንብ ይቅር ብዬ አይደለም። ሁለቱ ሲጋጩ የቱ ለየቱ መንገድ እንደሚለቅ ግልጽ ይሁን ብዬ ነው።

ይህን ሐሳብ የመምህራን ስብሰባ ላይ አቀረብኩ። በልብስ ምክንያት ማንም ተማሪ ክፍለ ጊዜ አያጣም፣ ከቁም ሳጥኑ ይስተካከላል፣ ካልተቻለ እንደለበሰ ገብቶ ይማራል፣ ለቤት የሚጻፈው ማታ ይጻፋል። አንድ የማከብረው ባልደረባዬ አልተስማማም። "ዛሬ በቀሚስ ካላላን ነገ በቤት ሥራ እናላላለን" አለ። ሥጋቱ ይገባኛል። ልጆች የላላውን ቶሎ ነው የሚያገኙት። ግን እኛ እያላላን አልነበረም። ከበፊቱ የበለጠ ሥራ ነው የወሰድነው፤ ልጅን ቢሮ መላክ አንድ ደቂቃ ነው፣ እጥፋት መፍታት ሃያ አምስት ነው። ቸልተኛ የሆነውን ልጅ ከቸገረው ልጅ መለየትም ራሱን የቻለ ድካም አለው። ሸሚዙን ሆን ብሎ የሚያወጣው አሁንም ይቀጣል፣ በምሳ ሰዓቱ ግን፣ በእኔ ክፍለ ጊዜ አይደለም።

ሌላም ያነሳሁት ነገር ነበር፣ ለመናገር ትንሽ የከበደኝ። የወንዶቹ ጥፋት በአንድ ቃል ያልቃል። "ሸሚዝ!" ይባላል፣ ያስገባል፣ ያልፋል። የሴቶቹ ግን የሚለካው ገላቸው ላይ ነው፣ ሰልፍ መሃል፣ የክፍል ጓደኞቻቸው እያዩ። አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጉልበቷ ላይ ማስመሪያ ሲያርፍ ስለ ጨዋነት የምትማረው ምንድነው? ያን ማስመሪያ በእጄ የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ነው የምናገረው። አሁን ማስመሪያው ቀርቷል። የሚባል ነገር ካለ ለብቻ፣ በዝግታ፣ በሴት መምህር ይባላል። ጨዋነትን የምናስተምረው ራሳችን ጨዋ ሆነን ካልሆነ በምን ይሆናል?

ልጅቷ አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት። እጥፋቱ ሁለቴ ተፈቷል፣ ከዚህ በኋላ የቀረ ጨርቅ የለውም። ባለፈው ሳምንት ከቁም ሳጥኑ ሌላ ጉርድ አገኘንላት፣ በዚያኛው ዓመት የተመረቀች ልጅ የለበሰችው ነው፣ ገና ብዙ ያገለግላል። አሮጌውን መልሺ አልኳት፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። ወዲያው አልሰጠችኝም። "ቲቸር፣ እስከ ሰኞ ይቆይልኝ?" አለች። ለምን አልኳት።

ሁለቱን መስመሮች አሳየችኝ። "ቤት አቼቶ አለ" አለች።

ሰኞ ጠዋት ታጥፎ በንጹሕ ላስቲክ መጣ። መስኮቱ ጋ ወስጄ አየሁት። የላይኛው መስመር ጠፍቷል። የታችኛው ጨርቁን አዘንብሎ ላየው ሰው ብቻ ነው የሚታየው። ወገቡ ላይ በእርሳስ ቁጥሩን ጽፌ በትንንሾቹ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት።